የማይል ፍጥነት መለኪያን በኪሎ ሜትር መለኪያ ስለመተካት፦ አስቀድሞ የኬብሉ ዙር ይቆጠር

የተከበሩ ጠያቂ፣

እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራው ኤምጂቢ መኪናዎ የፍጥነት መለኪያው በማይል የተከፈለና እስከ 120 የሚደርስ መሆኑን፣ በገጹ ግርጌ በደቃቁ 1280 የሚል ቁጥር እንዳለበት፣ አሁን የሚነዱበት መንገድ ሁሉ በኪሎ ሜትር የሚለካ በመሆኑም መለኪያውን ለመቀየር እንደወሰኑ ጽፈውልኛል። ሦስት መንገዶችም ቀርበውልዎታል። አንድ ሻጭ ከዚያው ሞዴል የወጣ ነው ያለውንና 640 የሚል ቁጥር ያለበትን የኪሎ ሜትር መለኪያ ሊሸጥልዎ ይፈልጋል። ሌላው በኪሎ ሜትር የታተመ የቁጥር ገጽ በራስዎ መለኪያ ላይ መለጠፍ ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከካምቢዮው እየዞረ መለኪያውን በሚያንቀሳቅሰው ኬብል መካከል ዙሩን በ1.6 የሚያበዛ ትንሽ የማርሽ ሳጥን ያስገቡ ብሎ መክሮዎታል። በመጨረሻም መቁጠሪያው እስካሁን ያስመዘገበው 87,400 ማይል ምን እንደሚሆን ጠይቀዋል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። 640 የሚለውን መለኪያ ባለበት ሁኔታ አይግጠሙት፤ መኪናዎ 1280 ከሚለው መለኪያ ጋር የተስማማ ከሆነ 100 ሲነዱ 124 ያሳይዎታል። የተለጠፈው ገጽ ጠቋሚውን ሊያስተካክል ይችላል፤ መቁጠሪያውን ግን አይነካውም። በ1.6 የሚያበዛው ሳጥን በሂሳብ ደረጃ ትክክል ቢሆንም ለእርስዎ ገጽ አይመችም። እኔ የምመክረው ቁጥሩ ወደ 795 የሚጠጋ የኪሎ ሜትር መለኪያ መፈለግን ነው፤ ካልተገኘም ያሉት ሌሎች ምርጫዎች ከታች ይመጣሉ። ምክንያቱን በዝርዝር ካላስረዳሁ ግን ሌላ ሻጭ ሌላ ቁጥር ይዞ ሲመጣ እንደገና መቸገርዎ አይቀርም።

በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰው ስህተት አብዛኛው የሚመነጨው መለኪያውን እንደ አንድ ዕቃ ከማየት ነው። በእርግጥ በአንዱ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለት መሣሪያዎች አብረው ይኖራሉ፤ የሚያገናኛቸውም ከካምቢዮው ጭራ የሚመጣው ኬብል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ሲሆን አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ኦቶ ሹልትስ የተባለ ጀርመናዊ የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ሐሳብ ብዙም አልራቀም። ኬብሉ አንድ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱን ሳይነካ የከበበው ቀላል የአሉሚኒየም ኩባያ አለ፤ የማግኔቱ መሽከርከር በኩባያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈጥር ኩባያው ማግኔቱን ተከትሎ ሊዞር ይሞክራል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለቱ ኃይሎች በተመዛዘኑበት ቦታ ጠቋሚው ይቆማል። በዚህ ክፍል ውስጥ የሚነካከስ ጥርስ የለም፤ ንባቡን የሚወስኑት የማግኔቱ ብርታት፣ የሞላው ጥንካሬና በገጹ ላይ የታተሙት ቁጥሮች አቀማመጥ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ክፍል መቁጠሪያው ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ በጥርስ የሚሠራ ነው፤ ኬብሉ በጠመዝማዛ ማርሽ በኩል የቁጥር ከበሮዎችን ያዞራል፤ ስንት የኬብል ዙር አንድ ማይል ወይም አንድ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን የሚወስነው የጥርሶቹ ብዛት ነው። ስለዚህ ማግኔቱ በእርጅና ቢደክም ጠቋሚው ዝቅ ብሎ ያነባል፤ መቁጠሪያው ግን አንዲት ሜትር አይስትም። ገጹን ቢቀይሩም እንዲሁ ነው፤ የጠቋሚው ትርጉም ይለወጣል፣ መቁጠሪያው የቀድሞውን ማይል መቁጠሩን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በእርስዎ ገጽ ላይ ያለው 1280 መኪናው አንድ ማይል ሲሄድ ኬብሉ የሚዞረውን ዙር ያመለክታል። ስሚዝስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በማይል መለኪያዎቹ ላይ የሚያትመው ይህንኑ ነው፤ በኪሎ ሜትር መለኪያዎቹ ላይ የሚገኘው ተመሳሳይ ቁጥር ደግሞ በአንድ ኪሎ ሜትር ያለውን ዙር ይናገራል። የጀርመኑ መለኪያ ሠሪ ፋውዴኦ ቁጥሩን ዳብልዩ ከሚለው የላቲን ፊደል ቀጥሎ ሲጽፈው እርሱም በኪሎ ሜትር ነው። የጃፓን መኪኖች በብዛት የአገሪቱን የደረጃ መስፈርት ተከትለው በኪሎ ሜትር 637 ዙር ይጠቀሙ ነበር፤ በአሜሪካ መኪኖች ደግሞ በማይል 1000 ዙር የተለመደ ነበር። ኬብሉ ራሱ ማይልም ኪሎ ሜትርም አያውቅም፤ መኪናው ሲሄድ ይዞራል፣ ስንት እንደሚዞርም የሚወስኑት የኋላ ጎማው ስፋት፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስና በካምቢዮው ጭራ ያለው ትንሽ ማርሽ ናቸው። ስለሆነም የመለኪያ ቅያሬ ማለት፣ መኪናው ሳይነካ፣ ያንኑ ዙር በኪሎ ሜትር ቋንቋ በትክክል የሚያነብ መሣሪያ ማግኘት ማለት ነው።

ማይል 1.609344 ኪሎ ሜትር ነው። 1280ን በዚህ ብናካፍል 795 ከትንሽ ትርፍ ጋር ይመጣል፤ ለመኪናዎ የሚስማማው የኪሎ ሜትር መለኪያ ቁጥርም ይህ ነው። አሁን 640 የሚለውን እንመልከተው። ይህ መለኪያ ኬብሉ 640 ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ኪሎ ሜትር የተሄደ ይመስለዋል፤ የእርስዎ ኬብል ግን በአንድ ኪሎ ሜትር 795 ጊዜ ይዞራል። ትርፉ ከመቶ 24 ይሆናል፤ ያውም በጠቋሚውም በመቁጠሪያውም። የሻጩ ቃል ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 የተመረተ መኪና ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥም አንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ አልተጠቀመም። 1280 የሚል እንዳለ ሁሉ 1000 የሚልም አለ፤ በማይል 1000 የሆነው ወደ ኪሎ ሜትር ሲመለስ 621 ገደማ ስለሆነ 640 የሚለው መለኪያ ከእርስዎ ይልቅ ለእነዚያ ይቀርባል። የሞዴሉ ስም አንድ መሆኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም አያረጋግጥም።

ከማንም ቃል በላይ የሚታመነው የራስዎ ቆጠራ ነው። በ50 ዓመት ውስጥ በዚህ መኪና ላይ ጎማው ተቀይሯል፣ ምናልባትም ካምቢዮው ወይም ዲፈረንሻሉ ተቀይሯል፤ 1280 የሚለው ቁጥርም ፋብሪካው መለኪያውን የሠራበትን እንጂ መኪናው ዛሬ የሚሰጠውን ዙር አይነግርዎትም። ቆጠራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። የጎማዎቹን አየር በሚነዱበት ልክ ይሙሉ፤ ኬብሉን ከመለኪያው ጀርባ ይፍቱ፤ ከውስጥ በሚወጣው የሽቦ ጫፍ ላይ እንደ ባንዲራ ትንሽ ወረቀት በፕላስተር ይለጥፉ። በደልዳላና ቀጥ ባለ ቦታ ላይ 50 ሜትር በሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ። መሪውን የሚይዘው ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዙሩን ይቁጠር፤ ክብደቱም ጎማውን በሚነዳበት ጊዜ እንደሚሆነው ስለሚጫነው ይጠቅማል። ሌሎች ሰዎች ማርሹ ወጥቶ መኪናውን ከምልክት እስከ ምልክት ይግፉት። ያገኙትን ዙር በ20 ሲያባዙ በአንድ ኪሎ ሜትር ያለው ዙር ይመጣል። መኪናዎ እንደ ፋብሪካው ከሆነ 39 ዙርና ሦስት አራተኛ ገደማ መቁጠር አለብዎት። ሩብ ዙር ቢስቱ ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በ10 ሜትር ቢለኩ ኖሮ ግን ያው ሩብ ዙር ከመቶ ሦስት የሚያልፍ ስህተት ያመጣ ነበር። ርቀቱን ማሳጠር ያማልላል፤ እባክዎ አያሳጥሩት።

አንዳንዶች መኪናውን ከመግፋት ይልቅ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥተው በእጅ ያዞራሉ። ይህን ሲያደርጉ አንዱ ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ሌላው ብቻ ስለሚዞር ዲፈረንሻሉ ዙሩን በሁለት ይከፍለዋል፤ ጎማው ሁለት ጊዜ ዞሮ ኬብሉ የሚሰጠው መኪናው በጎማው አንድ ዙር ያህል ሲሄድ የሚሰጠውን ነው። ይህን ሳያስቡ ቆጥረው ግማሹን ቁጥር ይዘው መለኪያ የገዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጎማን በተመለከተ ብዙ ባልልም አንድ ምሳሌ ግን ይጠቅማል። 165 በ80 በ14 የሆነ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 620 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በምትኩ 185 በ60 በ14 ቢገጠም ወደ 578 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ይህ ከመቶ ሰባት የሚጠጋ ልዩነት ስለሆነ ኬብሉ በዚያው ልክ ይበልጥ ይዞራል፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ያጋንናል። ጎማው ከአዲስነቱ እስከ መጨረሻው ሲላግ ደግሞ ከመቶ ሁለት ያህል ለብቻው ይጨምራል። ስለዚህ መለኪያ ከመፈለግ በፊት የትኛውን ጎማ ይዘው እንደሚቀጥሉ ይወስኑ፤ ቆጠራውንም በዚያው ጎማ ያድርጉት።

በኪሎ ሜትር የታተመውን ገጽ በሚመለከት ጉዳዩ በጥቅሉ የሚፈረድበት አይደለም። ገጹ የተሠራው ለእርስዎ መለኪያ ተብሎ ከሆነና የቁጥሮቹ አቀማመጥ በትክክል ከተሰላ ጠቋሚው ምንም ሳይነካ በኪሎ ሜትር በትክክል ያነባል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ አዲሱን ገጽ በአሮጌው ላይ ሲያስተኙት 50 ማይል ከ80 ትንሽ አለፍ ባለው ላይ፣ 100 ማይልም ከ161 ላይ መግጠም አለበት። የአሮጌው የመጨረሻ ቁጥር 120 ከ193 ጋር ነው የሚገጥመው። ችግሩ 193 የሚል ቁጥር ለዓይን ስለማያምር አታሚዎች በዚያ ቦታ ላይ የሞላ ቁጥር ለማስቀመጥ መሞከራቸው ነው። በዚያ ቦታ 200 ካስቀመጡ መለኪያው ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ያጋንናል፤ ይህ የሚቻል ነው። 220 ካስቀመጡ በእውነተኛው 100 ላይ 114 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ንባብ ይሰጣል። 180 ካስቀመጡ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በ100 ሲነዱ 93 ያሳያል።

ይህ የመጨረሻው በእኔ ዘንድ ከሁሉም የከፋ ነው። በአንድ ወቅት እጄ ላይ የገባ መኪና ገጹ ብቻ ተቀይሮለት እንዲህ ዝቅ አድርጎ ያነብ ነበር፤ ባለቤቱም በተደጋጋሚ በፍጥነት ሲከሰሱ ራሳቸውን ትክክል አድርገው ይከራከሩ ነበር። ከክሱ በላይ ያሳሰበኝ ግን በየኩርባውና በየመንደሩ ያሰቡትን ያህል እንዳልቀዘቀዙ አለማወቃቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንቦች ቁጥር 39 ይህን በግልጽ ይደነግጋል፤ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ ማሳየት የለበትም፣ በላይም ቢያሳይ ትርፉ የእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። በ100 ላይ ጣሪያው 114 ነው ማለት ነው። ደንቡ የወጣው ለአዲስ መኪኖች ማረጋገጫ ቢሆንም ለአሮጌ መኪናም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም፤ 124 የሚያሳየው የ640ው መለኪያ ከጣሪያው በላይ ነው፣ 180 ተብሎ የታተመው ገጽ ከወለሉ በታች ነው።

ገጽ ለመቀየር ጠቋሚው መነቀል ስላለበት መለኪያዎች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ መለኪያዎች ላይ ጠቋሚው በዜሮ አጠገብ ባለች ትንሽ ማቆሚያ ችንካር ላይ ተደግፎ ያርፋል፤ ነፃ ቢለቀቅ ግን ከችንካሯ በታች ዘልቆ ነው የሚቆመው፤ ሞላው በዚያ ልክ አስቀድሞ ተወጥሯልና። ይህንን ሳያውቁ ነቅለው ዜሮው ላይ ደግፈው መልሰው ቢተክሉት ንባቡ በሙሉ ይዛባል። ስለዚህ ከመንቀልዎ በፊት ጠቋሚውን በቀስታ ከችንካሯ በላይ አሳልፈው ነፃ ሆኖ የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ሲመልሱትም በዚያው ምልክት ላይ ይትከሉት፣ ከዚያ ወደ ችንካሯ ይመልሱት። ለመንቀል ገጹን በካርቶን ሸፍነው ከሁለት ወገን በሁለት የሻይ ማንኪያዎች እኩል ወደ ላይ ያንሡት። በፒንሳ ይዞ ማጣመም የቀጠነውን ሞላ ይጎዳል፤ ሞላው አንዴ ከተጣመመ በቤት ውስጥ የሚመለስ አይደለም።

ገጽ ብቻ ለመቀየር ከወሰኑ መቁጠሪያው በማይል እንደሚቀጥል በገጹ ላይ በመስኮቱ አጠገብ «ማይል» ተብሎ እንዲታተም አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ርቀቱ በማይል የሆነ መለኪያ ለእርስዎ ግልጽ ቢሆንም ለሚቀጥለው ባለቤት ወጥመድ ነው፤ ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ ከማሳሳት ጀምሮ መኪናው የሄደውን በብዙ አሳንሶ እስከማስነበብ ይደርሳል። ከዚህ ይልቅ የማይሉን ቁጥሮች በውጭ፣ የኪሎ ሜትሩን በውስጥ ቀለበት የያዘ ገጽ የሚያትምልዎ ካገኙ መለኪያውም መቁጠሪያውም እንደ ተፈጥሯቸው ስለሚቆዩ ከገጽ ቅያሬዎች ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ምክር፣ ማለትም ዙሩን በ1.6 የሚያበዛው ሳጥን፣ በሐሳብ ደረጃ ያምራል። ኬብሉ በ1.609 ተባዝቶ ወደ ማይል መለኪያው ሲገባ 60 ማይል የነበረው 97 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ መቁጠሪያውም በኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይስተካከላሉ። ነገር ግን እስከ 120 ብቻ የተከፈለ ገጽ አሁን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፤ ለስፖርት መኪና ይህ አይበቃም፣ ከዚያም በላይ ሲነዱ ጠቋሚው መጨረሻው ላይ እየተጋፋ ይጎዳል። በአሜሪካ ለ1980 እና 1981 ሞዴሎች ወጥቶ በነበረው ደንብ ምክንያት እስከ 85 ማይል ብቻ የተከፈለ መለኪያ ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይብስ ነበር። ኬብሉም መለኪያውም ከተሠሩበት በላይ በፍጥነት ስለሚዞሩ ቶሎ ያልቃሉ።

የማርሽ ሳጥኑ ትክክለኛ ቦታ ሌላ ነው። 640 የሚለው መለኪያ በመልኩ፣ በቀለሙና በስፋቱ ለመኪናዎ የሚስማማ ሆኖ ሻጩም በዋጋ ከተለሳለሰ ዙሩን በ0.805 የሚቀንስ ሳጥን በኬብሉ ላይ ቢገባ 795 ዙር 640 ሆኖ ይደርሰዋል፤ ጠቋሚውም መቁጠሪያውም በአንድ ጊዜ ትክክል ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ሳጥን የመለኪያ ጠጋኞች በታዘዘው ልክ ይሠራሉ። ሲያዝዙ በኪሎ ሜትር የቆጠሩትን ዙርና በመለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ሁለቱንም ይስጧቸው፤ የኬብሉን የመዞሪያ አቅጣጫ እንዳይገለብጥም ይጠይቋቸው። አንዳንድ ጠጋኞች በዚህ ፈንታ የመለኪያውን ማግኔት አዳክመው ጠቋሚውን ዝቅ ሊያደርጉልዎ ይችላሉ፤ ያ ሥራ ለጠቋሚው በቂ ነው፣ መቁጠሪያው ግን የውስጥ ጥርሱ ካልተቀየረ ከመቶ 24 እያጋነነ ይቀጥላል። ሁለቱን መሣሪያዎች ለይተው ካሰቡ ይህ ግማሽ ጥገና መሆኑን ወዲያው ያስተውላሉ።

ወደ 795 የሚጠጋውን መለኪያ ሲፈልጉ ከ780 እስከ 810 ያለው ሁሉ ከመቶ ሁለት ባልበለጠ ልዩነት ውስጥ ስለሆነ ሊቀበሉት ይችላሉ። ከሁለቱ አቅጣጫ ግን ዝቅ ያለውን ቁጥር እመርጣለሁ፤ 780 የሚለው ትንሽ ያጋንናል፣ 810 የሚለው ትንሽ ያሳንሳል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ካናዳም በ1977 የመንገድ ምልክቶቻቸውን ወደ ኪሎ ሜትር ስለለወጡ ከእነዚያ ዓመታት በኋላ ለእነዚህ አገሮች የተላኩ መኪኖች የኪሎ ሜትር መለኪያ ምንጭ ናቸው፤ የአውሮፓ ዋና ምድር መኪኖችማ ከመጀመሪያውም በኪሎ ሜትር ነበሩ። የካናዳዎቹ መኪኖች በሌላው ክፍላቸው ከአሜሪካዎቹ ጋር ስለሚቀራረቡ መኪናዎ ለአሜሪካ የተሠራ ከሆነ በተለይ ጠቃሚ ናቸው። ኤምጂቢ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ምክንያት ለዚያ ገበያ የተለየ፣ በስፖንጅ የተሸፈነ ዳሽቦርድ ነበረው፤ ስለዚህ ከአውሮፓው መኪና የወጣ መለኪያ ቁጥሩ ቢስማማ እንኳ ቀዳዳው ላይስማማ ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የቤቱን ስፋት፣ የኬብሉን ማሰሪያ፣ የረጅም መብራት ምልክት አምፖሉ የሚገባበትን ቦታና የጉዞ ቁጥር መመለሻው ከየት እንደሚወጣ በፎቶ ያነጻጽሩ።

መለኪያው ከመገጠሙ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሊፈተን ይችላል፤ እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ምቾት አለ። በሰዓት 60 ማለት በደቂቃ አንድ ማይል ወይም አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ስለሆነ በገጹ ላይ የታተመው ቁጥር ራሱ ጠቋሚው 60 ላይ እንዲቆም የሚያስፈልገው የደቂቃ ዙር ነው። 1280 የሚለው የማይል መለኪያ በደቂቃ 1280 ሲዞር 60 ያነባል፤ 795 የሚለው የኪሎ ሜትር መለኪያም በ795 እንዲሁ። ፍጥነቱ የሚስተካከል ትራፓኖና የዙር መቁጠሪያ ካለዎት ይህን በቤትዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። አቅጣጫውን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ወደ ተቃራኒው ማዞር ጠቋሚውን ከችንካሯ ጋር ያጋጫል፣ የመቁጠሪያውንም ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ንባቡ ዝቅ ካለ ማግኔቱ ደክሟል ማለት ነውና ለጠጋኝ ይስጡት፤ ጠቋሚውን በገጹ ላይ አዛውሮ መትከል በአንድ ፍጥነት ያስተካክልና በሌላው ያበላሻል።

ሲገጥሙ ከዳሽቦርዱ ጀርባ እጅ ከማስገባትዎ በፊት ባትሪውን ይፍቱ። ኬብሉ ከ15 ሴንቲ ሜትር በጠበበ ዙሪያ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ፤ የጠቋሚ መርገብገብ በአብዛኛው ከመለኪያው ሳይሆን ከጠበበ መታጠፊያ ወይም ከደረቀ ኬብል ነው የሚመጣው። ውስጣዊውን ሽቦ ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ በመለኪያው በኩል ያለውን የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ግን በጨርቅ ያድርቁት። ትርፍ ግራሶ በሽቦው ላይ እየወጣ መለኪያው ውስጥ ይገባና ኩባያውን ከማግኔቱ ጋር ያጣብቃል፤ ያን ጊዜ ጠቋሚው በዝግታ ሲነዱ እንኳ ወደ መጨረሻው ይዘላል።

የቀረው የ87,400 ማይሉ ጉዳይ ነው። ይህ ርቀት 140,657 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲሱን መለኪያ በዚህ ቁጥር ላይ ለማስቀመጥ በትራፓኖ ላዙረው ቢሉ በደቂቃ 2000 ዙር ሌት ተቀን እየዞረ 39 ቀን ገደማ ይፈጅብዎታል፤ ስለዚህ መለኪያው ተከፍቶ ከበሮዎቹ በእጅ እንዲደረደሩ ለጠጋኙ ይንገሩት። መቁጠሪያው አምስት አሃዝ ብቻ ካለው የሚያሳየው 40,657 ነው፤ መቶ ሺውን መያዝ አይችልም። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚተካው መቁጠሪያ የቀድሞውን ርቀት እንዳለ ማሳየት ካልቻለ ወደ ዜሮ እንዲመለስና የቀድሞው ንባብና የተቀየረበት ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ በግራ በር ክፈፍ ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። በሌላ አገርም ቢሆኑ ከመንካትዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን ቢሮ ይጠይቁ፤ መቁጠሪያን ያለ ማስታወቂያ መለወጥ በብዙ ቦታ ወንጀል ነውና።

እኔ በበኩሌ ለደንበኞቼ ሁሉ የማደርገው አንድ ነው። አሮጌው መለኪያ ከመነቀሉ በፊት ንባቡ በግልጽ እንዲታይ ፎቶ ይነሣል፤ ቀኑ፣ የማይሉ ንባብ፣ የኪሎ ሜትሩ ስሌት፣ አዲሱ መለኪያ የተነሣበት ቁጥር፣ የተቆጠረው የኬብል ዙርና የጎማው ልክ በአንድ ወረቀት ተጽፈው በጠጋኙና በባለቤቱ ይፈረማሉ፤ ወረቀቱም ከመኪናው ሰነዶች ጋር ይቀመጣል። አሮጌውን መለኪያ አይሽጡት፤ በጨርቅ ጠቅልለው በደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ መኪናውን የሚገዛ ሰው ከወረቀቱ ጋር ሲያገኘው የኪሎ ሜትሩን ታሪክ በዓይኑ ያያል።

ከገጠሙ በኋላ በደልዳላ መንገድ ላይ ረዳት አስቀምጠው በ60፣ በ80 እና በ100 ጸንተው እየነዱ ረዳትዎ ከሳተላይት የሚያነበውን ፍጥነት ከስልኩ ላይ ይጻፍልዎ። የመቁጠሪያውን ትክክለኛነት ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ጉዞ ለብቻው ይመርምሩ። ጠቋሚው ትክክል ሆኖ መቁጠሪያው ከሳተ የውስጥ ጥርሱ ሌላ ነው፤ መቁጠሪያው ትክክል ሆኖ ጠቋሚው ከሳተ ማግኔቱ ወይም ሞላው ነው፤ ሁለቱም በእኩል ልክ ከሳቱ ግን መለኪያውን ሳይከፍቱ ወደ ጎማውና ወደ ቆጠራዎ ይመለሱ።